ቋሚ የምንዛሪ ተመንና የጋራ ገንዘብ፦ ቃሉን የሚሸከመው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ቼኮዝሎቫኪያ ያለ ደም መፋሰስ ለሁለት ተከፈለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ቼክና ስሎቫኪያ የየራሳቸውን መንግሥት ቢያቋቁሙም ኮሩና የተባለውን ገንዘብ ቢያንስ ለስድስት ወራት በጋራ ሊጠቀሙበት ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ ግን ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ብዙ የስሎቫኪያ ቆጣቢዎችና ነጋዴዎች ገንዘቡ ውሎ አድሮ መለየቱ እንደማይቀር፣ በተለየ ጊዜም የእነሱ ኮሩና ከቼኩ ዝቅ እንደሚል ገመቱ፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሳይመጣ ገንዘባቸውን ወደ ቼክ ባንኮች ማዛወር ያዙ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን አንዱ ኮሩና ሁለት ሆነ። አዲስ ኖት እስኪደርስ ድረስም በአሮጌው ኖት ላይ የየአገሩን ማንነት የሚያሳይ ትንሽ ቴምብር እየተለጠፈ ገበያ ላይ ዋለ።

ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ በላዩ የተጻፈው ቁጥርም ያው ነበር። የተለወጠው ከወረቀቱ ጀርባ የነበረው ቃል ነው፤ ማለትም በአንዱ አገር ያለው ባንክ ከሌላው አገር የሚመጣለትን ኮሩና ሁሉ ያለ ገደብ እንደ ራሱ ገንዘብ ቆጥሮ የመቀበል ግዴታው ነው። በአገሮች መካከል ስለሚታሰር የምንዛሪ ተመንም ሆነ ስለ ጋራ ገንዘብ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ተመኑ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ትክክል ነው፣ አይደለም ይባላል። በእኔ አመለካከት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ይህን ቁጥር ለመጠበቅ የተገባው ቃል ገደቡ የት ድረስ ነው? ገደቡ ሲደርስስ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል?

ተመን እንዴት ይታሰራል?

የአንድ አገር ገንዘብ በሌላው ሲተመን፣ ዋጋው በገበያ ላይ በፈላጊና በአቅራቢ እንዲወሰን ሊተው ይችላል፤ ይህ ተንሳፋፊ ተመን ይባላል። አለዚያም መንግሥት አንድ ቁጥር አውጥቶ ገንዘቡ ከዚያ እንዳይነቃነቅ ያደርጋል። ይህ ሁለተኛው መንገድ በአዋጅ ብቻ የሚፈጸም የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ አዋጁ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው።

አንድ ማዕከላዊ ባንክ 1 ዶላር በ10 የአገሩ ገንዘብ ይመነዘራል አለ እንበል። ይህ ቃል እውነት የሚሆነው ባንኩ በዚያ ዋጋ ዶላር ለሚጠይቀው ሁሉ ሲሸጥ፣ ዶላር ይዞ ለሚመጣውም ሁሉ የአገሩን ገንዘብ ሲሰጥ ብቻ ነው። አስመጪዎች፣ የውጭ ዕዳ ያለባቸውና ሀብታቸውን ማሸሽ የሚፈልጉ ሰዎች በርክተው የዶላር ፍላጎት ሲያይል፣ ባንኩ ከውጭ ምንዛሪ ክምችቱ እየቀነሰ ይሸጣል። በለውጡ የሚቀበለው የአገር ውስጥ ገንዘብ ደግሞ ከዝውውር ይወጣል፤ ገንዘብ ሲያጥር ወለድ ይጨምራል፣ ብድር ይወደዳል፣ ድርጅቶች ሥራ ይቀንሳሉ። ተመኑን ጠብቆ ለማቆየት የሚከፈለው የመጀመሪያው ዋጋ እንግዲህ ይህ ነው፤ የሚከፈለውም ዶላር አይቶ በማያውቅ ሠራተኛ ጭምር ነው።

ዶላር እንደ ልብ ሳይሸጡ ቁጥሩን ብቻ ማቆየትም ይሞከራል። ሊባኖስ ከ1997 ጀምሮ 1 ዶላርን በ1,507.5 የሊባኖስ ፓውንድ አስራ ቆይታ ነበር። በ2019 ባንኮቹ የዶላር ቁጠባ ለባለቤቶቹ መመለስ ሲያቅታቸው ኦፊሴላዊው ተመን በወረቀት ላይ ቀረ፤ ከጎኑም በጎዳና ላይ የሚሠራ ሌላ ተመን ተፈጠረና በየወሩ እየራቀው ሄደ። መንግሥት ቁጥሩን በይፋ የለወጠው በፌብሩዋሪ 2023 ነው፤ ያን ጊዜ 15,000 አደረገው፤ የገበያው ዋጋ ግን ከዚያም ብዙ እጥፍ አልፎ ነበር። በተመኑ ዶላር ማግኘት የማይቻል ከሆነ ተመኑ የራሽን ደብተር ሆኗል ማለት ነው፤ ዕጣው ለደረሰው ድጎማ፣ ላልደረሰው ደግሞ ባዶ ቁጥር ይሆናል።

እዚህ ላይ በደንብ መታየት ያለበት አንድ አለመመጣጠን አለ። ገንዘቡ እንዳይወድቅ የሚከላከል አገር የሚዋጋው በክምችቱ ነው፤ ክምችት ደግሞ ያልቃል። ገንዘቡ እንዳይወደድ የሚከላከል አገር ግን የሚሸጠው የራሱን ገንዘብ ነው፤ የራሱን ገንዘብ የፈለገውን ያህል ማተም ይችላል። ስዊዘርላንድ በሴፕቴምበር 2011 አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም ስትል የተዋጋችው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይም ተሳካላት። ሆኖም ብሔራዊ ባንኳ ፍራንክ እያተመ የሚገዛው የውጭ ገንዘብ እየተከመረ ሄደና ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥበቃውን ተወው። ማተም ቢቻልም፣ ባንኩ የሚሸከመው የኪሳራ ስጋት የራሱ ወሰን ነበረው።

ሦስት ነገር በአንድ እጅ አይያዝም

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት መንዴልና ማርከስ ፍሌሚንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ያስረዱት ሐሳብ ለዚህ ጉዳይ ቁልፉ ነው። አንድ አገር ቋሚ ተመን፣ ነጻ የገንዘብ ዝውውር ከውጭው ዓለም ጋር፣ እንዲሁም በራሱ የሚወስነው የወለድ ተመን እንዲኖረው ይመኛል። ከሦስቱ ሁለቱን መያዝ ይቻላል፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ግን አይቻልም። ምክንያቱ የተወሳሰበ አይደለም። ተመኑ የማይለወጥና ገንዘብ ያለ ከልካይ የሚዘዋወር ከሆነ፣ ወለዱን ከጎረቤቱ ዝቅ ያደረገ አገር ቆጣቢዎቹ ወደተሻለው ይሄዱበታል፤ ሲሄዱም ክምችቱን ይዘውበት ይሄዳሉ። ስለዚህ ወይ ወለዱን ይመልሳል፣ ወይ በሩን ይዘጋል፣ ወይ ተመኑን ይለቃል።

ያለፉት 150 ዓመታት የገንዘብ ታሪክ በዚህ ሚዛን ሲታይ ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበረው የወርቅ ሥርዓት ታላላቆቹ አገሮች ገንዘባቸውን በተወሰነ የወርቅ መጠን አሰሩ፤ ገንዘብም በነጻ ተዘዋወረ። የተሠዋው የራስ ወለድ ነበር፤ ወርቅ ከአገር ሲወጣ ወለድ ይጨመራል፣ ሥራ አጥነቱን ችለው የሚቀመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመምረጥ መብት ያልነበራቸው ሠራተኞች ነበሩ። ብሪታንያ ከጦርነቱ በኋላ በ1925 ወደ ቀድሞው ተመን ስትመለስ ዓለሙ ተለውጦ ነበር፤ ሠራተኛው መምረጥም ማደምም ጀምሯል። በሴፕቴምበር 1931 ወርቁን ለቀቀች።

በጁላይ 1944 የ44 አገሮች ልዑካን በአሜሪካ ብሬተን ውድስ ተሰብስበው የተስማሙበት ሥርዓት ሌላውን ጥንድ መረጠ። ገንዘቦች በዶላር፣ ዶላር ደግሞ አንድ ወቄት ወርቅ በ35 ዶላር በሚል ስሌት በወርቅ ታሰረ፤ አገሮች የራሳቸውን ወለድ እንዲወስኑም ገንዘብ ከአገር አገር እንዳይሮጥ ቁጥጥር ተፈቀደ። ሥርዓቱ የቆየው አሜሪካ ለውጭ መንግሥታት ወርቅ ለመስጠት የገባችው ቃል እስከታመነ ድረስ ነበር። በውጭ የተከማቸው ዶላር አሜሪካ ካላት ወርቅ ሲበልጥ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኦገስት 15 ቀን 1971 ዶላር በወርቅ የሚለወጥበትን መስኮት ዘጉ።

እንግሊዝ አንድ ረቡዕ ቀን

ቃል ገደቡ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሴፕቴምበር 16 ቀን 1992 የተሻለ ቀን አላውቅም። ብሪታንያ በኦክቶበር 1990 ፓውንዷን በ2.95 የጀርመን ማርክ አካባቢ አስራ የአውሮፓን የምንዛሪ ሥርዓት ተቀላቅላ ነበር። ዓላማው ቅን ነበር፤ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ በዋጋ ግሽበት ላይ ያለውን ጥብቅነት መዋስ። ነገር ግን ጀርመን ምሥራቁንና ምዕራቡን ለማዋሐድ ከፍተኛ ወጪ ገብታ ስለነበር ግሽበትን ለመከላከል ወለዷን አስወደደች። ብሪታንያ በዚያው ጊዜ በኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ውስጥ ነበረች፤ የሚያስፈልጋት ዝቅተኛ ወለድ ነው። ብዙዎቹ የብሪታንያ ቤት ገዢዎች ወለዱ ከገበያው ጋር በሚለዋወጥ ብድር የተያዙ በመሆናቸውም፣ የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ በመቀመጫው በፍራንክፈርት የሚወስነው ወለድ በቀጥታ ወርኃዊ ክፍያቸው ላይ ይወርድባቸው ነበር።

ገንዘብ ነጋዴዎች ያዩት ይህን ነው። ጆርጅ ሶሮስን የመሰሉ ባለሀብቶች ፓውንድ ተበድረው እየሸጡ ማርክ ገዙ። ሒሳቡ ለእነሱ ቀላል ነበር፤ ፓውንዱ ከወደቀ ብዙ ያተርፋሉ፣ ካልወደቀ የሚከስሩት ጥቂት ነው። በዚያ ረቡዕ ማለዳ ማዕከላዊው ባንክ በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ገዛ። ረፋዱ ላይ ወለድ ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አለ፤ ከሰዓት በኋላ በማግስቱ 15 በመቶ እንደሚሆን ተነገረ። ፓውንዱ ግን በሥርዓቱ ከተፈቀደለት ዝቅተኛ ወለል አልተነሳም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፦ የትኛውም የተመረጠ መንግሥት ለአንድ ቁጥር ሲል ቤት ያለውን ሕዝብ በ15 በመቶ ወለድ ውስጥ ብዙ ወራት ሊያቆየው አይችልም። ማታ የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት አገራቸው ከሥርዓቱ መውጣቷን አስታወቁ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ክምችቱ ከማለቁ በፊት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ የሕዝብ ትዕግሥት መሆኑን ነው። ነጋዴዎቹም የሚለኩት የባንኩን ካዝና ብቻ ሳይሆን መንግሥት ምን ያህል ሕመም እንደሚችል ጭምር ነው። ታይላንድ በጁላይ 1997 ከዶላር ጋር የታሰረውን ባት ስትለቅ ጉዳዩ ይለያል፤ እዚያ በይፋ የሚታየው ክምችት ብዙ ቢመስልም ማዕከላዊው ባንክ አብዛኛውን ወደፊት ለሚፈጸሙ ሽያጮች አስቀድሞ ቃል ገብቶበት ነበር። በሁለቱም አገሮች ግን ጥያቄው ያው የገደብ ጥያቄ ነው።

ታዲያ ለምን ያስሩታል?

ይህ ሁሉ እያለ ብዙ አገሮች ተመናቸውን የሚያስሩት ሳያውቁ አይደለም። ዋና ገቢው በዶላር ለሚሸጥ ነዳጅ ዘይት አምራች ከዶላር ጋር መታሰር ተፈጥሯዊ ነው፤ የሳዑዲ ዓረቢያ ሪያል ከ1986 ጀምሮ 3.75 ላይ ቆሟል። ሌሴቶ፣ ኢስዋቲኒና ናሚቢያም ንግዳቸው በእጅጉ የተሳሰረው ከደቡብ አፍሪካ ጋር በመሆኑ ገንዘባቸውን ከራንድ ጋር አንድ ለአንድ አድርገዋል። ከሁሉ የሚጠነክረው ምክንያት ግን የተሰበረ እምነትን መጠገን ነው፤ ለዚህም አርጀንቲናን በሰፊው ማየት ይገባል።

አርጀንቲና በ1989 ዓመታዊ ግሽበቷ ከ3,000 በመቶ አልፎ ነበር። ደመወዝ በተከፈለበት ቀን ካልተሸመተበት በማግሥቱ ትርጉም የሚያጣበት ጊዜ ነው። በኤፕሪል 1991 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ዶሚንጎ ካቫዮ አንድ ሕግ ሥራ ላይ አዋሉ፤ ገንዘቡ በሕግ ከዶላር ጋር ታሰረ፣ በቀጣዩ ዓመትም ፔሶ የተባለው አዲስ ገንዘብ ከዶላር ጋር አንድ ለአንድ ሆነ። ይህ ከተራ ቋሚ ተመን ይለያል፤ ማዕከላዊው ባንክ በእጁ ከያዘው የውጭ ሀብት በላይ ፔሶ ማውጣት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለው ሥርዓት ከረንሲ ቦርድ ይባላል። ሆንግ ኮንግ ከኦክቶበር 1983 ጀምሮ እስከ ዛሬ የምትሠራበት የዚሁ ዓይነት ነው።

መድኃኒቱ ሠራ። ግሽበቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ አኃዝ ወረደ፤ ሰው በፔሶ መቆጠብ ጀመረ፤ ባንኮች ረጅም ብድር ሰጡ። ይህን በረከት አቃልለው የሚያልፉ ጸሐፊዎች ያሳዝኑኛል፤ የገንዘብ ዋጋ በየሳምንቱ ሲቀልጥ ያየ ቤተሰብ የተረጋጋ ዋጋ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ችግሩ መድኃኒቱ መውጫ ያልተበጀለት መሆኑ ነው። ሕዝቡም መንግሥትም ፔሶ ሁልጊዜ ዶላር ነው ብለው በማመናቸው የቤት ብድሩም፣ የድርጅቱም ዕዳ፣ የመንግሥትም ቦንድ በዶላር ተጻፈ። እምነቱ በጠነከረ ቁጥር ቃሉን ማፍረስ የሚያስከትለው ጉዳት አብሮ አደገ።

ቀጥሎ ውጭው ዓለም ተለወጠ። ዶላር በዓለም ገበያ ሲጠነክር ፔሶም ሳይፈልግ አብሮ ጠነከረ። በጃንዋሪ 1999 ትልቋ የንግድ ሸሪክ ብራዚል ሪያሏን ለቀቀችና የአርጀንቲና ዕቃ በአንድ ጊዜ ውድ ሆነ። ተንሳፋፊ ተመን ያለው አገር ቢሆን ገንዘቡ ረክሶ ጫናው በሁሉም ሰው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይበተን ነበር። አርጀንቲና ግን ተመኗ ስለማይነቃነቅ መነቃነቅ የነበረባቸው ደመወዝና ዋጋ ናቸው፤ ደመወዝ ደግሞ ወደ ታች በቀላሉ አይወርድም፤ ከመውረዱ በፊት ሰው ከሥራ ይወጣል። ሥራ አጥነት በ2001 ወደ 18 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጀመሪያ መንግሥት ገንዘቡ ከባንክ እንዳይወጣ በሳምንት 250 ፔሶ ገደብ ጣለ። ሕዝቡ ድስት እየደበደበ አደባባይ ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ዴ ላ ሩዋ ዲሴምበር 20 ቀን ሥልጣን ለቀቁ፤ አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ በጃንዋሪ 2002 ሕጉ ተሻረ። በዓመቱ አጋማሽ ፔሶ ከቀድሞ ዋጋው ሲሶ እንኳ አልቀረውም።

በዶላር የተጻፈው ዕዳና ቁጠባ እንዴት ይሰላ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ የፖለቲካ ውሳኔ ሆነ። በባንኮቹ ያለው ብዙው የዶላር ብድር ወደ ፔሶ የተለወጠው አንድ ለአንድ ሲሆን፣ ቁጠባው ግን በ1.40 ተሰላ። ተበዳሪ ዳነ፣ ቆጣቢ ግማሹን አጣ፣ የባንኮቹ ጉድለት ደግሞ ወደ መንግሥት ካዝና ማለትም ወደ ግብር ከፋዩ ሄደ። የታሰረ ተመን ሲበጠስ ኪሳራው የሚከፋፈልበት ሥርዓት አስቀድሞ ስለማይጻፍ፣ በጭንቅ ቀን ጉልበት ያለው ይጽፈዋል።

ገንዘቡን ጭራሹን አንድ ማድረግ

ቋሚ ተመን የሚጠቃው መለየት ስለሚችል ከሆነ፣ የሚለየውን ነገር ማጥፋት መፍትሔ ይመስላል። የጋራ ገንዘብ አሳቡ ይህ ነው። ሮበርት መንዴል በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ አገሮች ገንዘባቸውን ቢያጋሩ የሚበጃቸው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ አንዱ አካባቢ ሲጎዳ ሠራተኛው ወደ ሌላው ሄዶ ሥራ ማግኘት ከቻለ፣ ደመወዝና ዋጋ ከተለዋወጡ፣ ወይም ጉዳቱ ሁሉንም በእኩል የሚነካ ከሆነ ገንዘብን ማጋራት ጉዳቱ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት የጋራ በጀትን ጨመሩበት፤ በአሜሪካ አንድ ክፍለ ግዛት ሲደኸይ ለፌዴራል መንግሥት የሚከፍለው ግብር ይቀንሳል፣ የሚያገኘው ድጋፍ ይጨምራል፣ ባንኮቹንም ዋስ የሚሆናቸው ማዕከሉ ነው።

ዩሮ ከእነዚህ ጥቂቱን ብቻ ይዞ ተወለደ። በማስትሪክት ውል የተቀመጡት መለኪያዎች፣ የበጀት ጉድለት ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 3 በመቶ፣ ዕዳውም 60 በመቶ እንዳይበልጥ የሚሉት፣ አባላት ጥፋት እንዳይሠሩ መከልከያ ናቸው እንጂ አንዱ ሲጎዳ ሌላው የሚደግፍበት መንገድ አልነበሩም። በጃንዋሪ 1999 በ11 አገሮች ተጀመረ፤ ግሪክ በ2001 ገባች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አበዳሪዎች የግሪክን ቦንድ ከጀርመን ቦንድ ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት በቀረው ወለድ ገዙ። በ2009 መጨረሻ የግሪክ የበጀት ጉድለት ከተነገረው እጅግ የበዛ መሆኑ ሲገለጥ አበዳሪው ሸሸ፤ በሜይ 2010 የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ከከባድ የወጪ ቅነሳ ጋር መጣ። ግሪክ የሚረክስ ገንዘብ ስላልነበራት የረከሰው የሰው ጉልበት ሆነ፤ ምርቷ ሩብ ያህል ቀነሰ፣ ሥራ አጥነት በ2013 ከ27 በመቶ አለፈ።

ነገር ግን ግሪክ እንደ አርጀንቲና ከገንዘቡ አልወጣችም። ለምን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የፖለቲካ ፍላጎት የሚል ነው፤ እውነት ነው፣ ግን ከሥሩ አንድ የማይታይ አሠራር አለ። አቴንስ ያለ ቆጣቢ ዩሮውን ወደ ፍራንክፈርት ባንክ ሲያዛውር የግሪክ ማዕከላዊ ባንክ የሚጨርሰው የውጭ ምንዛሪ ክምችት የለም። ታርጌት በተባለው የክፍያ ሥርዓት የግሪክ ማዕከላዊ ባንክ ዕዳ ይመዘገብበታል፣ የጀርመኑ ደግሞ ብድር ይመዘገብለታል፤ መጠኑም ገደብ የለውም። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ በዚህ መንገድ ያለው ሒሳብ በኋላ ከ1 ትሪሊዮን ዩሮ በላይ ደርሷል። በ1993 በቼክና በስሎቫኪያ መካከል ያልጸናው ይኸው ነበር። ጀርመናውያን ስለዚህ ሒሳብ ሲጨነቁ ሞኝነት አይደለም፤ ያለ ገደብ መቀበል ማለት ኅብረቱ ቢፈርስ ያለ ገደብ መክሰር ሊሆን ይችላል። ሆኖም ገደብ ቢደረግበት፣ ገደቡ የታወቀ ዕለት ሁሉም ሰው ከገደቡ በፊት ለመውጣት ይሽቀዳደማልና ገንዘቡ ያን ዕለት የጋራ መሆኑን ያቆማል።

የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ጁላይ 26 ቀን 2012 ለንደን ላይ ተቋማቸው በሥልጣኑ ክልል ዩሮን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንደሚያደርግ ሲናገሩ ያደረጉት ይህንኑ ገደብ ማንሳት ነው። ባንኩ የችግረኞቹን አገሮች ቦንድ የሚገዛበት ፕሮግራም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ይፋ ሆነ፤ አንድም ቦንድ ግን አልተገዛበትም። ቃሉ ስለታመነ ብቻ የቦንዶቹ ወለድ ወረደ። ይህ ሲባል ፈተናው አለቀ ማለት አይደለም። በ2015 ክረምት የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለግሪክ ባንኮች የሚሰጠውን አስቸኳይ ብድር አላሳድግም ባለ ጊዜ ባንኮቹ ተዘጉ፤ ሰዉም በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት አይችልም ነበር። ገደብ የለሽ የተባለው ቃል ለጥቂት ሳምንታት ገደብ ሊበጅለት እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

ዋስ ያለው ተመንና መቀመጫ የሌለው አባል

የሲ.ኤፍ.ኤ. ፍራንክ በቋሚ ተመንና በጋራ ገንዘብ መካከል ያለ ልዩ ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 1945 በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የተመሠረተው ይህ ገንዘብ ዛሬ በ14 የአፍሪካ አገሮች ይሠራበታል፤ ስምንቱ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማዕከላዊ ባንካቸው ዳካር፣ ስድስቱ የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ደግሞ ያውንዴ ነው። ስለዚህ በየቡድናቸው የጋራ ገንዘብ አላቸው፤ ከውጭው ጋር ደግሞ 1 ዩሮ በ655.957 ፍራንክ በሚል ቋሚ ተመን ታስረዋል። ከዚህ ተመን ጀርባ የቆመው የአገሮቹ ክምችት ብቻ አይደለም፤ የፈረንሳይ ግምጃ ቤት ገንዘባቸውን ያለ ገደብ ለመመንዘር የገባው ዋስትናም አለ። ለዋስትናው አገሮቹ ከውጭ ምንዛሪ ክምችታቸው በመጀመሪያ ሙሉውን፣ በኋላም ግማሽ ያህሉን በፈረንሳይ ግምጃ ቤት ያስቀምጡ ነበር።

ዋስትናው ግሽበትን ዝቅ አድርጎ ማቆየቱ አይካድም። ሆኖም በ1980ዎቹ የኮኮዋና የቡና ዋጋ ወድቆ፣ የፈረንሳይ ፍራንክ ደግሞ በዶላር ሲጠነክር፣ አገሮቹ ገንዘባቸው ከአቅማቸው በላይ ውድ ሆኖ ለዓመታት ተሠቃዩ። በጃንዋሪ 1994 ዳካር ላይ በአንድ ምሽት 1 የፈረንሳይ ፍራንክ ከ50 ወደ 100 ሲ.ኤፍ.ኤ. ተለወጠ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና ምግብ ተወደደ፤ የጥጥና የኮኮዋ ላኪው ደግሞ እፎይ አለ። ዋስ የሆነው አካል ዋስትናውን ባያፈርስም ቁጥሩን የመለወጥ ግፊት ማድረግ እንደሚችል ያ ምሽት አሳየ። በዲሴምበር 2019 ለምዕራብ አፍሪካው ቡድን ክምችት በፈረንሳይ የማስቀመጡ ግዴታ እንዲቀር ስምምነት ተደርጓል፤ ተመኑና ዋስትናው ግን ባሉበት ናቸው።

በእነዚህ 14 አገሮች የወለድ ተመን ከዩሮው ርቆ ብዙ ሊሄድ አይችልም፤ የዩሮን ወለድ የሚወስነው፣ ፍራንክፈርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምክር ቤት ግን የእነሱን ኮኮዋ ወይም ጥጥ የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ዩሮን ያለ ስምምነት የራሳቸው መገበያያ ያደረጉት ኮሶቮና ሞንቴኔግሮም፣ በ2000 ወደ ዶላር የዞረችው ኢኳዶርም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው። የሚጠቀሙበትን ገንዘብ ወለድ የሚወስነው አካል ውሳኔ ይደርሳቸዋል፤ ወሳኙ አካል ውስጥ ግን የሉም።

ቡልጋሪያ በ1997 ባንኮቿ ወድቀው ግሽበት ካወደማት በኋላ ሌቭን ከጀርመን ማርክ ጋር በከረንሲ ቦርድ አሰረች፤ ማርኩ በዩሮ ሲተካም ተመኑ 1 ዩሮ በ1.95583 ሌቭ ሆነ፤ ማርኩ ራሱ ወደ ዩሮ የተለወጠበት ያው ቁጥር ነው። ለ28 ዓመታት ያህል ቁጥሩን አልነካችውም፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 2026 የዩሮ 21ኛ አባል ስትሆንም የተመነዘረችው በዚያው ቁጥር ነው። ከመግባቷ በፊት በአገሪቱ ብዙዎች ነጻነታችንን ልንሰጥ ነው ብለው ተቃውመው ነበር። ስጋቱን አከብራለሁ፤ የዋጋ ንረት ፍራቻም ነበረበት። ወለዷን በራሷ የመወሰን ሥልጣን ግን ቡልጋሪያ የተወችው በ1997 ነው። በ2026 የተጨመረላት፣ ማዕከላዊ ባንኳ ያለ ገደብ በሚመዘገበው የክፍያ ሥርዓት ውስጥ ሙሉ አባል ሆኖ መግባቱና ገዥዋ ወለድ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጫ ማግኘቱ ነው።